የግራዝማች ይግዛው ድንጋይ

«ያ ድንጋይ የተሸከሙት ዳኛ ሞቱ» አለኝ የሞጣው አውቶቡስ ረዳት፣ የእህል ጆንያዬን ከጣሪያ እያወረደልኝ። የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ እንደሚባለው ነው የነገረኝ። እሱ ራሱ ድንጋዩን በተሸከሙ ጊዜ ገና አልተወለደም።

«ግራዝማች ይግዛው?» አልኩት።

«ስማቸውን እንኳ አላውቅም አባቴ። ድንጋይ የተሸከሙት ነው የሚሏቸው። ትናንት ተቀበሩ።»

ቢቸና አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ጆንያዬን እግሬ ሥር አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ እንባው አልመጣ አለኝ። ሰው ሲያረጅ እንባውም ጡረታ ይወጣል መሰለኝ። ስንት ዓመታቸው ነበር? ዘጠናን ሳይደፍኑ አይቀሩም። ለመሞት በቂ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሰባት ዓመት ጸሐፊያቸው ነበርኩ፤ አምስቱን ሞጣ፣ ሁለቱን እዚሁ ቢቸና። ንጉሡ ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም። እኔ ከመንዝ ተመድቤ የመጣሁ፣ ብዕር ከመያዝ ሌላ ሙያ የሌለኝ ጎረምሳ። እሳቸው ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ኋላ በዳኝነት የተሾሙ፣ አንገታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ የመነጽራቸው አንድ እግር ተሰብሮ በጥቁር ክር የታሰረ ሰው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አንተ መንዜ!» ነው ጥሪያቸው። መስመር ካጣመምኩ «አንተ መንዜ፣ ይሄ ፊደል ጠጅ ቀምሷል እንዴ?» ይሉኝና ገጹን ሙሉ እንደገና ያስጽፉኛል።

ከባለጉዳይ ቤት ውኃ እንኳ አይጠጡም። ለምርመራ ገጠር ስንወጣ ዳቦ ቆሏቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ፤ ከሳሽንም ተከሳሽንም ከዚያችው ያዘግናሉ። «እኔ ላብላቸው እንጂ፣ እነሱ ካበሉኝማ ምኑን ዳኛ ሆንኩት» ይላሉ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከመፍረዳቸው በፊት ይነሡና «ያልተናገረ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዝም ሲባል ይደግሙታል። አሁንም ዝም ሲባል ይሠልሱታል። ባለጉዳዩ ይሰለቻል፣ ፖሊሱ ያዛጋል፣ እኔ በሆዴ እራገማለሁ፤ እሳቸው ሦስቱን ሳይሞሉ አይቀመጡም። ከዚያ የጻፍኩትን ቃል መልሼ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ልማድ ያጎደሉት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አጥቢያ የአንድ ባለጸጋ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። አውጫጭኝ በሕግ ቀርቷል ይባል ነበር፤ አገሬው ግን አልሰማሁም ባይ ነው፣ ሹሙም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እንግዲህ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ፣ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፣ አንድ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አጥፊው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱ እየተነሣ ያየውን የሰማውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በስውር ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለው ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል፣ ማንነቱም አይወጣም። ግራዝማች ሊዳኙ፣ እኔ ልጽፍ ሄድን።

አንዱ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ያየ የለም፣ የሰማ የለም። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። በታኅሣሥ! የሁሉም ሰው ጤፍ ገና አልተወቃም፤ ዝናብ ካገኘው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ሰዉ ይቁነጠነጥ ጀመር። ከቀትር በኋላ «ወፏ ተናገረች» ተባለ። እንድሪስ ነው አለች።

እንድሪስ ሸማኔ ነው። ከወሎ ዓባይን ተሻግሮ መጥቶ፣ ከሚስቱ ጋር አጥቢያው ዳር የሚኖር እስላም። አጎት የለው፣ አማች የለው፣ ዘመዴን ብሎ የሚጮህለት የለው። ከባለክምሩ ጋር ጋቢው ሳሳ አልሳሳም ተባብለው ገበያ መሀል ተጨቃጭቀዋል። በቃ፣ ይኸው በቂ ሆነ። ሰዉ እየተነሣ «እኔም የምጠረጥር እሱን ነው» ይል ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ያላየ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያየ ሆነ። እንድሪስን እጁን አስረው እኔ እግር ሥር አስቀመጡት።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አያ ልመንህ ይባላሉ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል፣ ሰዉ ብድግ ብድግ ብሎ ይከናነባል፣ ሜዳው በጫጫታ ተሞልቷል። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ጥርት አድርጌ ሰማኋቸው። «ክምሩ ሲነድ ይሄ ሰው እኔ ዘንድ ነበር። ጋቢዬን ይዞልኝ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ጭሱንም አብረን ነው ያየነው» አሉ።

ግራዝማች አልሰሙም። ወደኔ ዘንበል ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ።

እግዜር ይይልኝ፣ ክፋት አልነበረብኝም። እንድሪስን አልጠላሁትም፤ ማንም ሰው አባብሎኝ አይደለም። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ውዬ፣ ጫማዬ ውኃ ገብቶበት፣ ወረቀቱ እየራሰብኝ ነው። የሽማግሌው ቃል ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ እንደ አዲስ ሊጀመር፣ ሌላ ሦስት ቀን ሊያስቀምጠን ነው።

«ያው ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ግራዝማች ተነሥተው «ያልተናገረ አለ?» አሉ። ሳይደግሙት ዶፉ ወረደ፣ ሰዉም እየሮጠ ወደ አውድማው ተበተነ።

ችሎት ላይ እንድሪስ «አያ ልመንህ ቤት ነበርኩ፤ በአውጫጭኙም ተናግረውልኛል» አለ። ሽማግሌው ታመው ተኝተው ነበር። ግራዝማች ወደኔ ዞረው «መዝገቡ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩ። «ሁሉም በአንድ ቃል ተናግረዋል» ይላል። ድምፄ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። እንድሪስ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በዳኛ ፊት ዋሽተሃል ተብሎም ተገሠጸ።

በዓመቱ ግራዝማች ወደ ቢቸና ሲዛወሩ እኔንም አስከትለውኝ መጡ። ቢቸና ያኔ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ የሞላባት ከተማ ነበረች። እሑድ እሑድ ወይዘሮ የሺ ጠጅ ቤት እንሰበሰባለን፤ አንድ የሐረር አስተማሪ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የፖሊስ መቶ አለቃ፣ ግራዝማችና እኔ። ግራዝማች ብርዝ እንጂ ጠጅ አይጠጡም። አንድ እሑድ አስተማሪው የሰለጠነ አገር ወሬ አነሣ። አገር ትልቅ የሚሆነው በፋብሪካ ነው አለ፤ በባቡር፣ በትምህርት ቤት። ድሬሰሩ ሕዝቡ ጤና ካላገኘ ፋብሪካውን ማን ይሠራዋል አለ። መቶ አለቃው ደግሞ ጠመንጃ የሌለው አገር የማንም መጫወቻ ነው ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ግራዝማች መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ነገር ሲያሰላስሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

«እርስዎስ ግራዝማች?» አላቸው አስተማሪው።

«እኔ አገር አላየሁም። ዓባይን የተሻገርኩት ሦስት ጊዜ ነው» አሉ። «ግን ትልቅ ቤት በምን ይታወቃል? በጣራው ነው? በአጥሩ ነው? አባትየው ልጁን ሲበድል ‹ልጄ፣ አጥፍቻለሁ› ማለት ከቻለ፣ እሱ ቤት ትልቅ ነው። አገርም እንደዚያው ይመስለኛል። ትልቁ ትንሹን ‹በደልኩህ› የሚልበት ነው ትልቅ አገር።»

«እንዲህ ከሆነማ መንግሥትን ማን ይፈራዋል?» አለ መቶ አለቃው።

«ለመፈራቱማ ጅብም ይፈራል። እኔ የምለው ማን ያምነዋል ነው።»

ሳቅን። «ብርዙ ሰው ያሰክራል ለካ!» ብሎ ድሬሰሩ ቀለደባቸው። እኔም ከሁሉ ይበልጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ሁለት ወር ቢሆነው ነው። በገበያ ቀን አያ ልመንህ ምርኩዛቸውን ይዘው ችሎት ገቡ። ከስተዋል። በሽታው ከሁለት ዓመት በላይ አልጋ ላይ አክርሟቸዋል። እኔ ገና ሳያቸው ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

«ክስ የለኝም፣ ጌታዬ» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። በቅሎዬን ልሸጥ ቢቸና መጥቼ ነበርና፣ ካልቀረ ዳኛውን ልያቸው ብዬ ነው። ቃሌ የት ደረሰ?»

«የምን ቃል?»

«የእንድሪስን ነገር የተናገርኩት። ተናግሬያለሁ፣ ዳኛው መዝነው ጥለውታል ብዬ አርፌ ነበር። ሻል ሲለኝ ሞጣ እስር ቤት ልጠይቀው ብሄድ፣ ‹ቃልዎ መዝገብ ላይ የለም› አለኝ። ጌታዬ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? ታዲያ የኔ ቃል የት ሄደ?» ያዩትንም እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ።

ግራዝማች ወደኔ ዞሩ። «ያን ቀን ምን አሉ ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

«ያው ነው… አልኩ፣ ጌታዬ።»

ለጠመመ መስመር የሚጮሁብኝ ሰውዬ ያን ቀን አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት፣ ወለወሉት፣ ወለወሉት። ሽማግሌውን አመስግነው ሸኙ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር «ስንት ዓመት ታሰረ?» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ።»

«ሚስቱስ?»

ሚስቱ ጠብቃ ጠብቃ ወደ ወሎ ተመልሳ፣ እዚያው ሌላ ማግባቷን ሰምቼ ነበር። ነገርኳቸው።

«ወረቀት አውጣና ጻፍ» አሉ። እሳቸው እየተናገሩ ለበላዮቻቸው ጻፍኩ፦ እኔ ዳኛ ይግዛው የምስክር ቃል ሳላጣራ፣ ልማዴንም አጓድዬ፣ ንጹሕ ሰው አስሬያለሁ። እጄ ቆመ። «ግራዝማች፣ ቃሉን ያስቀሩት እኮ እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ…» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንዳይሰማ ሆኖ ነው የወጣው።

«ከመዝገቡ ሥር ያለው ማኅተም የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያ ጻፍ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አቤት ያኔ የተሰማኝ እፎይታ! ዛሬ ሳስበው አፈር ልብላ ያሰኘኛል።

ወዲያው አንድ የበላይ አለቃ በላንድሮቨር መጣ። እኔ መዝገብ ቤት ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። «ግራዝማች፣ ነገሩ ቀላል ነው» ይላል። «ጸሐፊው ተሳሳተ ብለው ይጻፉ፤ ሸማኔውም ይፈታል፣ እርስዎም ወንበርዎ ላይ ይቆያሉ።» ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ግራዝማች እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ጸሐፊ የዳኛ እጅ ነው። እጄ ቢሰርቅ እጄን ቆርጣችሁ አስራችሁ እኔን ትለቁኛላችሁ?»

እንድሪስ ተፈታ። ለዚያ ለዚያማ ወረቀቱ በቂ ነበር። ግራዝማች ግን አልበቃቸውም። «መንዜ፣ ቅዳሜ ሞጣ እንሄዳለን» አሉኝ። ወደ ከተማው ስንቃረብ ከበቅሏቸው ወርደው ወንዝ ዳር ድንጋይ ይመርጡ ጀመር። አንዲት ትንሽ ሳቀብላቸው ጣሏት። የወፍጮ መጅ የሚያህል አነሡ።

እንግዲህ በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋም ሆነ ባልንጀራውን የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እርቅ መለመኑ አዲስ ነገር አይደለም። ዳኛ ግን አይሸከምም። ለሸማኔማ፣ ለእስላም ሸማኔማ፣ ማን ሰምቶ ያውቃል! ገበያው ከሞላ በኋላ ሸማኔዎቹ ወደሚቀመጡበት ሄዱ፣ ነጠላቸውን አገለደሙ፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው እንድሪስ ፊት ጎንበስ አሉ።

«እንድሪስ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ገበያተኛው ሸቀጡን ትቶ ከበበን። ከኋላ አንዱ «ኧረ ግራዝማች፣ አያዋርዱን!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው አልተነቃነቁም። አንገታቸው ሲቀላ፣ ጉልበታቸው ሲርገደገድ አያለሁ። በደንቡ ተበዳዩ ድንጋዩን ቶሎ ያወርዳል። እንድሪስ አላወረደም። የሚያየው ደግሞ እሳቸውን አይደለም፣ እኔን ነው። ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። እኔ የበቅሎዋን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እጁን ሰደደና ድንጋዩን አወረደ።

«ይቅር ብያለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ግን እነዚያ ሦስት መቶዎቹስ?»

ግራዝማች ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «የሰው ድንጋይ መሸከም አልችልም፣ ልጄ። እኔ የራሴን ነው ያመጣሁ።»

ወር ሳይሞላ የስንብት ደብዳቤያቸው መጣ። «የመንግሥትን ክብር ዝቅ የሚያደርግ ተግባር» ይላል። የከተማው ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ተረተባቸው። እሳቸው ሞጣ ገብተው ከአንዲት ቁራጭ መሬት ጋር ኑሮ ጀመሩ። እኔ ቢቸና ቀረሁ። እንዲያውም ዕድገት አገኘሁ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ፣ ሌላ መጣ። ሁሉም ትልቅ አገር እናደርጋችኋለን አሉን፤ በድምፅ ማጉያ፣ በሰልፍ፣ በመፈክር። እኔም ለሁሉም በተራ አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪዝል። ከመካከላቸው «በደልናችሁ» ያለን ግን አላስታውስም።

ግራዝማችን በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠየቅኋቸው። ያን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም። «መንዜ፣ አሁንም መልሰህ ታነብባለህ?» ነው የሚሉኝ። «ሦስት ጊዜ እየጠየቅሁ፣ ግራዝማች» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነበር። ጡረታ እስክወጣ አንድም ቀን አላጎደልኩም።

መሞታቸውን በሰማሁ ማግስት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሞጣ ሄድኩ። ልቅሶ ደርሼ፣ ዘመዶቻቸውን አጽናንቼ፣ ከዚያ የእንድሪስን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። አርጅቷል። ጺሙ ነጭ ሆኗል። እግሮቹን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ጋቢ ይሸምናል። ቀብሩ ላይ ነበርኩ አለኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሞ እስኪያልቅ ጠብቋል። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት።

«እንድሪስ፣ የአያ ልመንህን ቃል ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። አልሰማቸው ይሆናል እንዳይሉ፣ ሰምቻቸው ነበር።»

መወርወሪያውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ግራዝማች ነገሩዎት?»

«እሳቸው? አንድም ቀን ስምዎን አላነሱ።» ክሩን ጠበቅ አደረገ። «እግርዎ ሥር ነበር እኮ ያስቀመጡኝ። እኔ ሸማኔ ነኝ ጸሐፊው፣ ከሰው ላይ የማየው እጅ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲያሳብቅብኝ እጅዎ ይሮጥ ነበር። አያ ልመንህ ሲናገሩ እጅዎ ቆመ።»

እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ። «ታዲያ ጸሐፊው ነው ያጠፋው ሳይሉ ለምን ቀሩ?» አልኩት።

«ብናገር ማን ይሰማኛል? ያን ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንጋዩን ሳላወርድ የቆየሁት ግራዝማችን ላሠቃይ መስሎዎት ነው? እርስዎን እየጠበቅሁ ነበር። ሁለተኛ ድንጋይ ይመጣል ብዬ።»

ተነሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። አጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አየሁ፣ ከግራዝማች ድንጋይ ግማሽ አይሆንም። ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ያዘኝና እዚያው በጉልበቴ ቀረሁ። እንድሪስ መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ይተዉት፣ ጸሐፊው» አለኝ። «ቢሸከሙትም፣ አሁን እኔ የማወርድበት ጉልበት የለኝም።»